በሰውነት ውስጥ ስላለው ዘበኛና በእግር ሥር ስለሚሸሸገው ሕመም

አንድን አገር ከውጭ የመጣ ጠላት ሲወጋት ጠላትነቱ በልብሱና በቋንቋው ስለሚታወቅ ዘበኛው ፈጥኖ ይጮኻል፤ ሠራዊቱም በአንድነት ይነሣበታል። ከገዛ ልጆችዋ መካከል ሸፍቶ የተነሣው ግን ልብሱም ቋንቋውም የወገን ስለ ሆነ ዘበኛው እያየው ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። በሰው ሥጋ ላይ ከሚነሡት ደዌዎች መካከል የቀድሞ ሰዎች ነቀርሳ ይሉት የነበረው ካንሰር የዚህ ዐይነት ሽፍታ ነው። ከውጭ የገባ ተባይ አይደለም፤ የሰውነት የራሱ ሕዋስ ሥርዐቱን ጥሶ ያለ ልክ ሲባዛ፥ ከተፈጠረበትም ስፍራ ተነሥቶ ወደ ሌላው ብልት ሲዘምት የሚመጣ ሕመም ነው እንጂ። ስለዚህ ሐኪሞች በቢላዋ ከመቍረጥ፥ በጨረር ከማቃጠልና በብርቱ መድኃኒት ከመምታት በቀር ሌላ መንገድ ሳያገኙለት ብዙ ዘመን ኖሩ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን አንድ አዲስ መንገድ ተከፍቷል። ይኸውም ካንሰሩን በቀጥታ መምታት ሳይሆን የሰውነትን ዘበኛ ዐይኑን ገልጦ፥ እጁንም ፈትቶ ጠላቱን እንዲወጋ ማድረግ ነው። ይህ ሕክምና ኢሚውኖቴራፒ ይባላል፤ ኀይሉም በዘመናችን አስቀድሞ በግልጥ ከታየባቸው ሕመሞች አንዱ ሜላኖማ የሚባለው ክፉ የቆዳ ካንሰር ነው። ስለዚህ ጥበብ ማወቅ ለሐኪሞች ብቻ የሚተው ነገር አይደለም፤ በሕዝብ ላይ የተሾመውንና ሕዝብን የሚያስተምረውን ሁሉ የሚመለከት ጕዳይ አለበትና። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሜላኖማ ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡት ሕዋሳት የሚነሣ ሕመም ነው። ሲጀምር እንደ ጥቁር ነጥብ፥ ወይም ሕዝቡ «ማርያም የሳመችው» እንደሚለው ምልክት መስሎ ይታያል፤ አያምም፥ ሥራም አያስፈታም። ገና በላይኛው ቆዳ ላይ ሳለ የተገኘ እንደ ሆነ ሐኪሙ በቀላል ቀዶ ሕክምና ያነሣዋል፤ ሕመምተኛውም አብዛኛውን ጊዜ ፈጽሞ ይድናል። ችላ የተባለ እንደ ሆነ ግን ወደ ታች ሥር ይሰድዳል፤ ከዚያም በብሽሽትና በብብት ወዳሉት ዕጢዎች፥ ቀጥሎም ወደ ሳንባ፥ ወደ ጕበትና ወደ አንጎል ይዘምታል። አዲሶቹ መድኃኒቶች ከመገኘታቸው በፊት እንዲህ የተሠራጨ ሜላኖማ ከያዛቸው ሰዎች የሚበልጡት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር።

የሰውነትን ኀይል በካንሰር ላይ ለማስነሣት መታሰቡ የዛሬ ነገር አይደለም። በኒውዮርክ ከተማ የነበሩ ዊልያም ኮሊ የተባሉ ቀዶ ሐኪም፥ አንድ የካንሰር ሕመምተኛ ብርቱ ትኵሳት ያለበት የቆዳ በሽታ ይዞት ከዳነ በኋላ እባጩ ጠፍቶ መገኘቱን ተረዱ። ከዚህም ተነሥተው በ1891 ያንን በሽታ የሚያመጡትን ተሕዋስያን በሌሎች ሕመምተኞች ሰውነት ውስጥ በመርፌ ይወጉ ጀመር። አንዳንዶቹ ዳኑ፤ ብዙዎቹ ግን አልዳኑም። የዳኑት ለምን እንደ ዳኑ፥ ያልዳኑትም ለምን እንዳልዳኑ ሊታወቅ ስላልተቻለ፥ የጨረር ሕክምና በመጣ ጊዜ የኮሊ ሐሳብ ወደ ጐን ተተወ። ሐኪሙ በሰውነት ውስጥ ዘበኛ መኖሩን አውቀው ነበር፤ ዘበኛው ለምን ዝም እንደሚል ግን ሊያውቁ አልቻሉም።

የዝምታውን ምክንያት ለመግለጥ አንድ መቶ ዓመት ያህል ፈጀ። በደም ውስጥ ቲ ሴል የሚባሉ ነጭ ሕዋሳት አሉ፤ እነዚህ በሰውነት ውስጥ እየተዘዋወሩ እንግዳ የሆነውን ነገር ፈልገው የሚገድሉ ጭፍሮች ናቸው። በጃፓን አገር በኪዮቶ ታሱኩ ሆንጆ የተባሉ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋራ በ1992 በእነዚህ ሕዋሳት ላይ ፒዲ አንድ የተባለውን ነገር አገኙ። በአሜሪካም ጄምስ አሊሰን የተባሉ ሊቅ ሲቲኤልኤ አራት የሚባለውን ሌላውን ነገር ይመረምሩ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ነገሮች ለጭፍራው እንደ ልጓም ሆነው ይሠራሉ። ልጓሙ በከንቱ የተፈጠረ አይደለም፤ ጭፍራው ጠላቱን ድል ካደረገ በኋላ በቍጣው የገዛ ወገኑን እንዳይፈጅ የሚገታው እርሱ ነውና። ካንሰር ግን ተንኰለኛ ስለ ሆነ፥ ይልቁንም ፒዲ አንድ የተባለውን ልጓም ራሱ ይዞ ይስባል፤ ጭፍራውም ከሽፍታው ደጅ ደርሶ ሳለ ይቆማል።

አሊሰን ይህን ባዩ ጊዜ ያሰቡት ነገር ቀላልና ድፍረት ያለበት ነበር፤ ጭፍራውን በጅራፍ ከመምታት ይልቅ ልጓሙን ማላላት። ልጓሙን የሚሸፍን መድኃኒት በአይጦች ላይ ሞክረው እባጩ መጥፋቱን በ1996 ለዓለም አስታወቁ። ከዚያ በፊት በሰውነት መከላከያ ኀይል ለማከም የተሞከረው ብዙ ነገር ስላልሠራ፥ የመድኃኒት ፋብሪካዎች ይህን አዲስ ሐሳብ በፍጥነት አልተቀበሉትም። አሊሰን በልጅነታቸው እናታቸውን በካንሰር ያጡ ሰው ናቸውና ተስፋ ሳይቈርጡ ደጅ ጠኑ። መድኃኒቱ በሰው ላይ ተመርምሮ እስኪፈቀድ ድረስ 15 ዓመት አለፈ። ሁለቱም ሊቃውንት በ2018 በሕክምና የኖቤልን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ።

አይፒሊሙማብ የሚባለው መድኃኒት ለተሠራጨ ሜላኖማ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2011 ነው፤ ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ የሚባሉትም በ2014 ተከተሉ። ሁሉም በየሁለት፥ በየሦስት ወይም ከዚያ በሚበልጥ ሳምንት አብዛኛውን ጊዜ በደም ሥር የሚሰጡ ናቸው። በ676 ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ በ2010 የታተመው ምርመራ፥ አይፒሊሙማብ ከተሰጣቸው ሰዎች እኩሌታው ወደ 10 ወር ያህል ሲኖሩ፥ ያልተሰጣቸው ግን እኩሌታው 6 ወር ተኩል ያህል ብቻ መኖራቸውን አሳየ። ይህ ትርፍ ለሚሰማው ሰው ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ከእነዚያ ሰዎች መካከል ሕመሙ እንደ ቆመ ሳይመለስባቸው ለብዙ ዓመት የኖሩ ተገኙ፤ ለዚህ ሕመም ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር እጅግ ጥቂት ጊዜ ካልሆነ በቀር አልታየም ነበር።

ከዚያ በኋላ 945 ሕመምተኞች በሦስት ክፍል ተከፍለው ተመረመሩ፤ የ10 ዓመቱም ውጤት በ2024 ታተመ። ኒቮሉማብና አይፒሊሙማብ በአንድነት ከተሰጣቸው ከ100 ሰዎች 43ቱ፥ ኒቮሉማብ ብቻ ከተሰጣቸው 37ቱ፥ አይፒሊሙማብ ብቻ ከተሰጣቸው 19ኙ ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት ተገኙ። ዓመት ይሞላቸዋል ተብሎ የማይጠበቁ ሰዎች ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕርግ አደረሱ ማለት ነው። በኢትዮጵያም ስማቸው የታወቀው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተር ለዚህ ምስክር ናቸው። እኒህ ሰው፥ ያቋቋሙት ማዕከል በኢትዮጵያ የጊኒ ትልንና ትራኮማ የሚባለውን የዐይን ሕመም ለማጥፋት ብዙ የረዳ፥ በ2015 በ90 ዓመታቸው ሜላኖማ ወደ ጕበታቸውና ወደ አንጎላቸው ደርሶ ተገኘ። በቀዶ ሕክምና፥ በጨረርና በፔምብሮሊዙማብ ታክመው፥ ዓመቱ ሳያልቅ የሕመሙ ምልክት መጥፋቱን አስታወቁ፤ ያረፉትም በ2024 መጨረሻ መቶ ዓመት ከሞላቸው በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ ልጓሙ የላላለት ፈረስ ጠላትን ብቻ አይረግጥም። መከላከያው በተፈታ ጊዜ የራሱን የሰውነት ብልት ሊወጋ ይችላል፤ አንጀትን፥ ጕበትን፥ ሳንባን፥ በአንገት ያለውን የታይሮይድ ዕጢ፥ አንዳንድ ጊዜም ልብን ያቈስላል። ሁለቱ መድኃኒቶች በአንድነት ከተሰጧቸው ከ100 ሰዎች ከ50 የሚበልጡት ብርቱ ጕዳት ያገኛቸዋል። ሐኪሙ በጊዜው ካወቀው መድኃኒቱን አቁሞ ቍጣውን በሌላ መድኃኒት ሊያበርደው ይችላል፤ ካላወቀው ግን ሕመምተኛው ከካንሰሩ ተርፎ በመድኃኒቱ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ይህ ሕክምና የደም ምርመራ፥ የሠለጠነ ሐኪምና የቅርብ ጥበቃ ይፈልጋል። ደግሞም ከሕመምተኞቹ ብዙዎቹ ምንም ጥቅም ሳያገኙበት ይቀራሉ። መድኃኒቱን አድኅኖ እንደማይስት ተአምር አድርጎ ማውራት ሕመምተኛውን ማታለል ነው፤ እንደ ከንቱ ነገር መናቅም ከእውነት መራቅ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተነገረውን ሰምቶ፥ «ይህ የነጮች ሕመም ነው፤ ጥቁር ሰውን አይነካም» የሚል አይጠፋም። እርግጥ ነው፥ ሜላኖማ ነጭ ቆዳ ባላቸው ሕዝቦች ዘንድ እጅግ ይበዛል፤ ለብዙዎቹም ምክንያቱ የፀሐይ ንዳድ ነው። ነገር ግን በጥቁር ሰውም ላይ ይወጣል፤ የሚወጣውም ፀሐይ በማትደርስበት ስፍራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በውስጥ እግር፥ አንዳንድ ጊዜም በመዳፍና በጥፍር ሥር ይጀምራል። ስፍራው የማይታይ ስለ ሆነ፥ ሕመምተኛውም ሐኪሙም ስለማይጠረጥሩት፥ ከጥቁር ሕዝብ ሜላኖማ የያዘው ሰው ወደ ሕክምና የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ሕመሙ ከተሠራጨ በኋላ ነው። ከዚህም ሌላ አዲሶቹ መድኃኒቶች ከእግር በሚነሣው ሜላኖማ ላይ ያላቸው ኀይል በሌላው ላይ ካላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ዘግይቶ ከመምጣት የሚደርሰው ጕዳት በጥቁር ሰው ላይ እጥፍ ነው ማለት ነው።

ለዚህ ነገር ዓለም ያወቀው ምሳሌ አለ። ጃማይካዊው ዘፋኝ ቦብ ማርሊ በ1977 በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የወጣው ቍስል በእግር ኳስ ጨዋታ ያገኘው መስሎት ነበር፤ ተመርምሮ ግን ሜላኖማ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞች ጣቱ እንዲቈረጥ ቢመክሩት ሳይቀበል ቀረ፤ ከጥፍሩና በዙሪያው ካለው ጥቂት ሥጋ በቀር አልተነሣለትም። ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ሕመሙ ወደ ሳንባውና ወደ አንጎሉ ደርሶ ተገኘ። በ1980 መጨረሻ ገደማ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ ተጠመቀ፤ በ1981 በ36 ዓመቱ ዐረፈ፤ ሥርዐተ ቀብሩም በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ተፈጸመ። በዚያ ጊዜ ልጓም የሚያላላ መድኃኒት አልነበረም፤ ቢላዋ ግን ነበረ።

እንግዲህ የኢትዮጵያን ባላገር ማሰብ ነው። ብዙ ሰው በባዶ እግሩ ያርሳል፥ በባዶ እግሩም ይሄዳል፤ እሾህ ይወጋዋል፥ ድንጋይ ይልጠዋል። በውስጥ እግሩ ጥቁር ነገር ቢያይ የእሾህ ስብራት ነው ይላል፤ ቢቈስልም ቅጠል ያስርበታል። አንዱ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ያስተኵሰዋል፤ ሌላው የሥጋ ደዌ መስሎት ሰው እንዳያውቅበት ይሸሽገዋል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እንደ ተባለው፥ ብሽሽቱ አብጦ መራመድ ሲያቅተው ያን ጊዜ ወደ ሆስፒታል ይመጣል።

ምልክቶቹን ለማወቅ የሕክምና ትምህርት አያስፈልግም። በውስጥ እግር ወይም በመዳፍ ላይ የወጣ ጥቁር ነገር እያደር ከሰፋ፥ ዳርቻው ከተዛባ፥ ቀለሙ ከተዘበራረቀ፥ ከደማ ወይም ከቈሰለ፤ በጥፍር ላይ የታየ ጥቁር መስመር ከሰፋና ጥቁረቱ በጥፍሩ ዙሪያ ወዳለው ቆዳ ከተሻገረ፤ እንዲሁም በእግር ላይ የወጣ ቍስል ለብዙ ሳምንት አልድን ካለ፥ ያ ሰው ሳይውል ሳያድር ለሐኪም መታየት ይገባዋል። እንደዚህ ያለው ምልክት ሁሉ ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ የሚበልጠው ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። ነገር ግን ተመርምሮ ደኅና ነህ የተባለ ሰው የሚከስረው የመንገድ ድካም ብቻ ነው፤ ሳይመረመር የቀረ ግን ሕይወቱን ሊከስር ይችላል።

ሌላም ሊታሰብላቸው የሚገባ ወገኖች አሉ። እነዚህም የቆዳ ቀለም ሳይኖራቸው የተወለዱት፥ አልቢኖ የሚባሉት ናቸው። ሕመማቸው ከሜላኖማ ይልቅ ሌላ ዐይነት የቆዳ ካንሰር ሲሆን፥ የሚመጣውም ፊታቸውንና አንገታቸውን ከሚያቃጥለው ፀሐይ ነው። ለተስፋፋው ለዚህ ሕመም ሴሚፕሊማብ የተባለው መድኃኒት በ2018 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ሥራውም እንደ ፒዲ አንዱ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ለእነዚህ ሰዎች ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት ሰፊ ባርኔጣ፥ እጀ ረዥም ልብስና ፀሐይ የሚከላከል ቅባት ነው። እንዲህ ያለው ልጅ በትምህርት ቤት ጥላ ባለበት ስፍራ ቢቀመጥ፥ አባቱም በቀትር ከብት ጥበቃ ባይልከው፥ ከብዙ ሺሕ ብር መድኃኒት የሚበልጥ ተደረገለት።

ስለ ዋጋው እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። በአሜሪካ ለአንድ ሕመምተኛ የአንድ ዓመት የፔምብሮሊዙማብ ዋጋ ከ150,000 ዶላር በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ኒቮሉማብንና ፔምብሮሊዙማብን ለተሠራጨ ሜላኖማ እጅግ አስፈላጊ ከሆኑት መድኃኒቶች መዝገብ ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ በመዝገብ መጻፍ ግን በእጅ መግባት አይደለም። በሕንድ አገር በሙምባይ ባለው በታታ መታሰቢያ ሆስፒታል ያሉ ሐኪሞች፥ ከተለመደው መጠን ከዐሥር አንድ እጅ ባነሰ ኒቮሉማብ የራስና የአንገት ካንሰር ያለባቸውን ሰዎች አክመው መጥቀሙን በ2022 አሳይተዋል። ይህ በቆዳ ካንሰር ላይ እንዲሁ ይሠራል ተብሎ ሳይመረመር የሚወሰድ አይደለም፤ ሆኖም ድኻ አገር እጁን አጣጥፎ ዋጋው እስኪወርድ ከመጠበቅ በቀር ሌላ የሚያደርገው ነገር እንዳለው ያስተምራል።

«ወባና የእናቶች ሞት ገና ሳይጠፉ ስለ እንዲህ ያለ ውድ ሕክምና ማውራት ምን ይጠቅማል?» ብሎ የሚጠይቅ ሹም ጥያቄው የሚገባ ነው። መልሱ ግን ከፊቱ ያለ ነው። ውድ የሆነው የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ የመጀመሪያው ደረጃ ርካሽ ነው። የጤና ኬላ ሠራተኛ የሕመምተኛውን ጫማ አስወልቆ ውስጥ እግሩን እንዲያይ ማስተማር ውጭ አገር የሚገዛ መሣሪያ አይፈልግም። ቅንጣት ሥጋ ወስዶ በአጉሊ መነጽር የሚመረምር ሐኪም በየክፍለ ሀገሩ እንዲኖር ማድረግ ግን ገንዘብ ይፈልጋል፤ ይሁን እንጂ ያው ሐኪም ለጡት፥ ለማሕፀንና ለሌላውም ካንሰር ሁሉ ስለሚያገለግል የሚወጣበት ገንዘብ የሚባክን አይደለም። ይህ መሠረት ሳይጣል መድኃኒቱ በነጻ ቢመጣ እንኳ ለማን እንደሚሰጥ የሚያውቅ አይገኝም። መሠረቱ ከተጣለ ግን ከሚበልጡት ሕመምተኞች ላይ ሕመሙ ሳይሠራጭ ስለሚነሣ፥ ውዱን መድኃኒት የሚፈልጉት ጥቂቶች ይሆናሉ፤ ለጥቂቶችም መግዛት መንግሥትን አያቅተውም።

የካህናቱ ድርሻ ከሹማምንቱ ያነሰ አይደለም። ብዙ ሕመምተኛ ከሐኪም አስቀድሞ ወደ ጠበል ይሄዳል፤ ቍስሉንም ከሐኪም በፊት የሚያየው ካህን ነው። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ ያስተምራልና፥ ጠበሉን ከሕክምና ጋራ ማጣላት ከትምህርቱ የወጣ አይደለም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በ2007 የኤችአይቪ ሕመምተኞች ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋራ እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። ለቆዳ ካንሰርም እንዲሁ ነው። ሕመምተኛውን ሰባት ቀን ተጠመቅ ያለው ካህን፥ በስምንተኛው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂድ ቢለው ከሃይማኖቱ የሚጐድል ነገር የለም፤ በመጀመሪያው ቀን ቢለው ደግሞ ይበልጣል።

በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ይህ ሥርዐት የትሕትና ትምህርት መሆኑ የታወቀ ነው። በዚያው ሰዓት ግን የካህኑ እጅ ሐኪም ሳያየው በሚኖረው በውስጥ እግር ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ ዐይኑ ከእጁ ጋራ ቢሄድ፥ አልድን ያለ ቍስል ወይም የሰፋ ጥቁር ነገር ቢያይ፥ ከጸሎቱ በኋላ ያን ሰው ለብቻው ጠርቶ ወደ ሕክምና እንዲሄድ ቢመክረው፥ ሊቃውንቱ በኪዮቶና በአሜሪካ ብዙ ዓመት የደከሙበት ሥራ በአንድ መንደር ፍሬ አገኘ ማለት ነው። በሰውነት ውስጥ ያለው ዘበኛ ልጓሙን የሚያላላለት መድኃኒት አግኝቷል፤ በሕዝብ ላይ የተሾመው ዘበኛ ግን ልጓም የለበትም፤ ዐይኑን መግለጥ የራሱ ፈንታ ነው።